የሠራተኛ ጤናና ደህንነት ዕቅድን ከሠራተኛው ጋር ማውጣት፦ ለሐዋሳ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ድርጅት ውስጥ "የሠራተኞች ጤና ዕቅድ" የሚባለው ሰነድ ተረግዞ የሚወለደው በአንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ነው። ይዘቱም ይታወቃል፦ በዓመት አንድ ቀን የእግር ኳስ ውድድር፣ የደም ግፊት ምርመራ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር። ክፋት የለውም። ነገር ግን ስፌት ላይ ያለችው ልጅ ወገቧን የሚያማት መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ስለምትውል ከሆነ ውድድሩም ፖስተሩም አይደርስላትም። እዚህ የምንከተለው አካሄድ መጀመሪያ ሥራውን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ስለ ሠራተኛው ልማድ መነጋገር ነው። ሥራው የቱ ጋ እንደሚጎዳ ከሚሠራው ሰው የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ዕቅዱ ያለ እሱ ሊወጣ አይችልም።

ለምሳሌነት 400 ሠራተኛ ያለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ይዘናል። በ2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት እንደመሆኑ፣ በውስጡ የሚሠሩትም አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች በመሆናቸው ብዙው ዝርዝር ከዚያ ሁኔታ ጋር ይገጥማል። ሐይቅ ዳር 45 ሠራተኛ ያለው ሆቴል የምታስተዳድሩ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ የኮሚቴውን ቁጥርና ጊዜውን በግማሽ ቀንሱት።

ሁሉም ሥራ ወደ 14 ሳምንት ይፈጃል። ከመስቀል በኋላ ከተጀመረ ጥር ላይ ያልቃል፤ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ሲመጣ ማራገቢያውና ውኃው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ የወባ ወቅት ስለሆነ በዚያ ጊዜ የታየውን ከሥራ የቀሪ ሰው ብዛት የዓመቱ መልክ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ። የበዓላትን ሳምንታት፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከዋለም በተለይ እሱን፣ ከውይይት ፕሮግራም ውጪ አድርጉ፤ ግማሹ ሰው አገር ቤት ይሄዳል።

ሕጉ የሚያስገድደውን አስቀድማችሁ ለዩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትንም መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። የሚከተሉትም ቁጥሮች ከቡድኑ እጅ አይጥፉ፦ መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው።

በሕግ የተገባን መብት እንደ አዲስ ስጦታ አድርጎ ለሠራተኛ ማቅረብ ዕቅዱን ገና ሳይጀመር ያስንቀዋል። የጎደለ ነገር ካለ ለብቻው ተዘርዝሮ ወዲያው ይስተካከል። ውይይትም ድምፅም አያስፈልገውም።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ የሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ

"ሐሳብ ስጡ፣ ሁሉም ይሰማል" ብሎ መጀመር ትልቁ ወጥመድ ነው። ሠራተኛው ደመወዝ ይጨመር ይላል፣ አስተዳደሩ ይህ የውይይቱ ርዕስ አይደለም ይላል፣ በሁለተኛው ስብሰባ የሚናገር ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ከሁሉ በፊት አንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙ። ገጹ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ለዓመቱ የተያዘው ገንዘብ ጣሪያ፤ ሠራተኛው ለውይይት የሚያጠፋው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚከፈል፤ በጋራ የሚወሰነው ምንድን ነው፣ አስተያየት ብቻ የሚሰጥበትስ ምንድን ነው፤ ለቀረበ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በስንት ቀን ነው።

ደመወዝ በኅብረት ስምምነት የሚታይ ከሆነ በግልጽ ይጻፍ። የፈረቃ መግቢያ ሰዓት በጋራ የሚወሰን ከሆነም ይጻፍ። ሰው የሚከፋው "አይሆንም" ሲባል ሳይሆን አይሆንም መባሉን ከሦስት ወር ልፋት በኋላ ሲሰማ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ካመነቱ የጤና ትምህርት አትስጧቸው፤ ሂሳብ አሳዩአቸው። አንድ የማሽን ኦፕሬተር ስትለቅ አዲሷ ሙሉ ምርት ላይ እስክትደርስ ስንት ሳምንት ይወስዳል? በእነዚያ ሳምንታት በየሳምንቱ በአማካይ የሚጎድለው ምርት በገንዘብ ስንት ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? ሦስቱን ቁጥር የራሳችሁ ምርት ክፍልና ሰው ሀብት ያውቋቸዋል። አባዙት። የውጭ ገዢ ላለው ፋብሪካ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል፤ የገዢዎች ኦዲተሮችም ይህንን ይጠይቃሉ።

3ኛ ሳምንት፦ ኮሚቴው

ለ400 ሰው ከ10 እስከ 12 አባል ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ስብሰባ እንጂ ሥራ አይሆንም። ግማሹና ከዚያ በላይ ከማሽን ላይ የመጡ ይሁኑ፦ ከመቁረጫ፣ ከስፌት፣ ከካውያ፣ ከማጠናቀቂያና ጥራት፣ ከመጋዘን። ከአስተዳደር በኩል የምርት ኃላፊው፣ ሰው ሀብት፣ የደህንነት ሠራተኛው፣ የክሊኒኳ ነርስ። መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የራሱን ተወካይ ይልካል። ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፦ የጥገና ኃላፊውና ከሂሳብ ክፍል አንድ ሰው። ከሚመጣው ጥያቄ ግማሹ የማራገቢያ፣ የወንበር፣ የቧንቧ፣ የመብራት ነው፤ "ይህ በስንት ቀን ይሠራል?" ለሚለው ጥያቄ እዚያው መልስ ካልተገኘ አጀንዳው ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይንከባለላል።

ተወካዮችን ሰው ሀብት አይምረጥ። እያንዳንዱ ክፍል በምሳ ሰዓት ማብቂያ ላይ 15 ደቂቃ ተሰጥቶት ሱፐርቫይዘሩ በሌለበት ይምረጥ፤ ተወካይና ምክትል ሁለቱንም። ምክትሉ ለጌጥ አይደለም፤ የሠራተኛ ፍልሰት ባለበት ቦታ ከተመረጡት አንዳንዶቹ ዕቅዱ ሳያልቅ ይለቃሉ። ከሠራተኛው አብዛኛው ሴት ከሆነ ከተወካዮቹም አብዛኞቹ ሴቶች ይሁኑ። የስብሰባው ሰዓት በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ60 ደቂቃ ነው። ከሥራ በኋላ ከተደረገ ሰርቪስ የሚያመልጣት ሴት አትመጣም፤ የሚመጡት ግቢው አጠገብ የሚኖሩ ብቻ ይሆናሉ። ቃለ ጉባኤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ ከመጠየቅ በፊት መዝገቡን ማንበብ

ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ማስረጃ አንብቡ። የ12 ወር ሰብስቡ፦ የቀሪ መዝገብ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የክሊኒክ መዝገብ፣ የአደጋ መዝገብ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የለቀቁ ሰዎች ዝርዝር።

የቀሪ መጠን የሚሰላው የጠፋውን የሥራ ቀን ለጠቅላላው የሥራ ቀን በማካፈል ነው። 400 ሰው በ26 የሥራ ቀን 10,400 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ከዚህ 416 ቀን ከጠፋ የቀሪ መጠኑ 4 በመቶ ነው። ይህን በድርጅቱ ደረጃ ብቻ አታስሉት። በክፍል፣ በሳምንቱ ቀን፣ በወሩ ሦስት አሥር ቀናት ከፋፍሉት። አማካዩ 4 በመቶ ሆኖ ካውያ ክፍል 9 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ዕቅዱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የክሊኒኩን መዝገብ ነርሷ ብቻ ታንብበው። ለኮሚቴው የምታመጣው ስም የሌለበት ቁጥር ነው፤ ስድስት ርዕስ ይበቃል፦ ወገብ፣ ጀርባና አንገት፤ ራስ ምታትና ማዞር፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፤ ጨጓራ፤ ትኩሳትና ወባ፤ የመርፌ መውጋትና መቆረጥ። ከ10 ሰው በታች ያለውን ክፍል ከሌላ ጋር ደምሩት፤ አለዚያ "ከመጋዘን አንዷ" ሲባል ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። የግለሰብ ምርመራ ውጤት፣ በተለይ የኤች አይ ቪ፣ በምንም መንገድ ወደ ኮሚቴ አይመጣም።

ነርሷ ሰዓቱንም ትመዝግብ። ማዞርና ራስ መሳት ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ከበዛ ነገሩ ያለ ቁርስ መግባት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ሙቀትና የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። ደመወዝ ሊወጣ ሲቃረብ ባሉት አሥር ቀናት የሚበዛ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ኪስ ላይ ነው፤ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ማስተማር አይፈታውም። ሦስቱ የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉ፣ መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም "ማዞር" ተብለው ነው የተጻፉት።

በእነዚሁ ሳምንታት ኮሚቴው ሁለት ሁለት ሆኖ በግቢው ይዙር፤ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በማታው ፈረቃ። የሚለካውን ለኩ። ሙቀት፦ በሦስት ቦታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፤ አንዱ ቦታ የግድ ካውያ ክፍል ይሁን። ብርሃን፦ በአውሮፓ ደረጃ ለስፌት 750 ሉክስ፣ ለጥራት ቁጥጥር 1,000 ሉክስ ይመከራል፤ የስልክ መተግበሪያ ትክክለኛ ቁጥር ባይሰጥም የትኛው ጠረጴዛ ከየትኛው እንደሚጨልም ያሳያል። ድምፅ፦ ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል በሰፊው የሚሠራበት ወሰን ነው፤ መለኪያ ከሌለ አንድ ሜትር ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ወሰኑ ሳይታለፍ አልቀረም። የካውያ ጠረጴዛ ከፍታ፦ ከቆመችው ሠራተኛ ክርን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። የሚሠራ ሽንት ቤት፣ ሳሙና፣ የሚዘጋ በር፣ የመጠጥ ውኃ ርቀት፦ ቁጠሩ። "አለ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ተቆልፎ ካገኛችሁት፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም መከላከያው የወለቀ ማሽን ካያችሁ ዙሩን አቁሙና እዚያው አስተካክሉ። ሰው የሚገድል ነገር ቅድሚያ ለመስጠት ድምፅ አይሰጥበትም።

7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ ሠራተኛውን መስማት

ከ10 እስከ 12 ሰው የያዙ ስምንት ቡድኖች አዘጋጁ፤ 90 ያህል ሰው ይደርሳል። ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ የማታ ፈረቃ ለብቻ፣ ሱፐርቫይዘሮች ለብቻ። ሱፐርቫይዘሮችን አትዝለሉ፤ ከላይ በታርጌት (በቀን መሞላት ባለበት የምርት ቁጥር) ከታች በኩርፊያ የተያዙት እነሱ ናቸው፣ ጠያቂም የላቸውም።

ቋንቋ ላይ አትቆጥቡ። በሐዋሳ ፋብሪካ ውስጥ አማርኛ የጋራ መግባቢያ ቢሆንም ከገጠር ወረዳ የመጣች ልጅ ስለ ወር አበባዋ ወይም ስለ ተነካችበት ነገር የምትናገረው በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነው። አወያዩ ቋንቋውን የሚችል፣ ከክፍሉ ውጪ የመጣ ሰው ይሁን። ሱፐርቫይዘር አስተርጓሚ ሆኖ የተቀመጠበት ውይይት ባይደረግ ይሻላል። ቡና ማፍላት አፍ ያስከፍታል፤ አለቃ መሐሉ ከተቀመጠ ግን ቡናውም አያድነውም።

ውይይቱን በንግግር ሳይሆን በሥዕል ጀምሩት። ትልቅ ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ይሣል። እያንዳንዷ ሥራ ላይ የሚያማትን ቦታ በቀይ፣ ቤት ገብታም የማይለቃትን በሰማያዊ ምልክት ታድርግ። ስም አይጻፍም፣ ማንበብ መጻፍም አያስፈልግም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፦ ስፌት ክፍል አንገትና ታችኛው ወገብ ላይ፣ ካውያ ክፍል ቀኝ ትከሻ ላይ፣ ቆመው ጥራት የሚያዩት ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ ቀይ ይከማቻል። ሰማያዊው የበዛበት ክፍል ይቅደም፤ በእረፍት የማይለቅ ሕመም ወደ ዘላቂ ጉዳት እየሄደ ያለ ነው።

ከዚያ ጥያቄ። ከስምንት አይብለጥ፣ "ደስተኛ ነሽ?" የሚል አይኑርበት። የሚሠሩት እንዲህ ያሉት ናቸው፦ ዛሬ ወደ ሥራ ስትመጪ ምን በልተሽ ወጣሽ? ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ፣ ምን ያህል ትጠብቂያለሽ? ባለፈው ወር መርፌ ወግቶሽ ሳትናገሪ የቀረሽበት ጊዜ አለ? ለምን? ታርጌት ሳይሞላ ሲቀር ምን ትባያለሽ? ከሰርቪስ ወርደሽ ቤት እስክትገቢ የሚያስፈራሽ ቦታ የት ነው? ነገ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር ቢባል የቱ ይሁን?

ውይይት ላይ ላልተገኙት ይህንኑ በአንድ ገጽ መጠይቅ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ያለ ስም ስጧቸው። ሳጥኑ ክሊኒክ ወይም ካንቲን ይቀመጥ፣ የሰው ሀብት በር ላይ ግን አይሁን፤ ቁልፉም በተወካይ እጅ ይሁን።

እስከ 9ኛ ሳምንት መጨረሻ፦ መልስ

ዕቅድ እስኪጻፍ አትጠብቁ። ውይይቱ ካለቀ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰሌዳ ስቀሉ፤ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ተፈጽሟል፣ እየተሠራ ነው (እስከዚህ ቀን)፣ አይሆንም (ምክንያቱም…)። ገንዘብ የማይጠይቁ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ የሳሙና መጥፋት፣ የሽንት ቤት መቀርቀሪያ፣ የውኃ ማሰሮው መራቅ፣ በዚህ ሳምንት ወደ መጀመሪያው ዓምድ ይግቡ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ሠራተኛው አያምናችሁም፤ ለሁሉም እሺ የሚል አለቃ አይቶ አያውቅምና።

10ኛ ሳምንት፦ ቅድሚያ መስጠት

ከ30 እስከ 50 ችግር ተሰብስቦ ይሆናል። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይስጥ፦ ስንት ሰው ይነካል (1 ጥቂት፣ 2 እስከ ግማሽ፣ 3 ከግማሽ በላይ) እና ምን ያህል ይጎዳል (1 ምቾት ይነሳል፣ 2 ያሳምማል፣ 3 አካል ያጎድላል)። ሁለቱን አባዙና 15 የሚሆኑትን አውጡ። ከዚያ ለሠራተኛው አቅርቡ፦ 15 ቆርቆሮ፣ ላያቸው ላይ ሥዕል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት የባቄላ ፍሬ። አምስቱንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ መጨመር ይቻላል።

የኮሚቴው ነጥብና የባቄላው ቁጥር የተራራቀበት ቦታ ላይ ቁሙ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወገን ያላየው ነገር አለ። ለምሳሌ ኮሚቴው ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠው የሽንት ቤት መውጫ ካርድ ጉዳይ ቆርቆሮው ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ስሌቱን ተመልከቱት፦ 40 ሰው ያለው ላይን (የምርት መስመር) አንድ የመውጫ ካርድ አለው፤ ያለ ካርዱ ከመስመሩ መውጣት አይቻልም። እያንዳንዷ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ደርሶ መልስ 6 ደቂቃ ብትወጣ 40 ጊዜ 2 ጊዜ 6፣ 480 ደቂቃ ይሆናል። 480 ደቂቃ ማለት ሙሉው የስምንት ሰዓት ፈረቃ ነው! ካርዱ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ደቂቃ ሳያርፍ ከእጅ ወደ እጅ ቢዘዋወር እንኳን ለሁሉም የሚደርሰው በጭንቅ ነው። በተግባር ስለማይደርስ ሴቶቹ ሽንት ይይዛሉ፣ እንዳይቸግራቸው ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ክሊኒኩ ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ራስ ምታት ሆኖ ይመጣል። የሁለት መዝገብ ርዕስ ከአንድ ፕላስቲክ ካርድ ይመነጫል ማለት ነው። ካርዱን ወደ ሦስት ማሳደግ ወይም ማስቀረትና ለላይኑ አንድ ተተኪ ኦፕሬተር መመደብ ይህን ይፈታል።

11ኛና 12ኛ ሳምንት፦ መፍትሔና ሙከራ

መፍትሔ ሲመረጥ ቅደም ተከተል አለው፦ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ በሌላ መተካት፣ ካልሆነ በመሣሪያ መከለል፣ ቀጥሎ የሥራ አደረጃጀትን መቀየር፣ መጨረሻ ላይ የግል መከላከያ። ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፣ ማስክ መግዛት ስለሚቀል። እድፍ ማስለቀቂያ ኬሚካል ላይ የጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ ትነቱን አያስቀርም፤ በመጀመሪያ በውኃና ሳሙና የሚለቀው እድፍ የቱ እንደሆነ ለዩ፣ የቀረውን ሥራ አየር ማስወጫ ወዳለው ጥግ አዛውሩ፣ ለቀረው ሰው ብቻ ለትነት የተሠራ ፊልተር ያለው ማስክ ስጡ።

የምርት ክፍሉ የሚፈራውን ነገር በክርክር አትግፉት፣ ሞክሩት። ጠዋትና ከሰዓት 10 10 ደቂቃ ተጨማሪ እረፍት ከ480 ደቂቃ 4 በመቶ ያህል ነው፤ ኃላፊው "4 በመቶ ምርት አጣሁ" ይላል። ሁለት ተመሳሳይ ላይን ምረጡ፤ አንዱ ላይ ለአራት ሳምንት እረፍቱን ስጡ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። የተጠናቀቀ ልብስ፣ ተመልሶ የተሰፋ፣ ቀሪ፣ ይህን ብቻ መዝግቡ። ውጤቱ እረፍቱን ካልደገፈ ለሠራተኛው እንደዚያው ንገሩት። ሙከራው ከ12ኛው ሳምንት ቢያልፍም ዕቅዱን አያስቆመውም፤ "ውጤቱ በዚህ ቀን ይታያል" ተብሎ ይገባል።

ውኃ፦ በሙቀት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው በየ15 እስከ 20 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ካውያ ክፍል ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ይህን እንድትጠጣ ውኃው እጇ የሚደርስበት ቦታ፣ ሽንት ቤቱም ክፍት መሆን አለበት። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ቁርስ፦ ዳቦና ሻይ ከፈረቃው 20 ደቂቃ በፊት ማቅረብ፣ ወይም የመጀመሪያውን እረፍት ወደ ረፋዱ 3 ሰዓት ማምጣት። በጾም ወቅት፣ በረመዳንም ጭምር፣ ሰዓቱ የማይመቻቸው ስላሉ በእነሱ ምርጫ ይስተካከል።

ስድብና ትንኮሳ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ጊዜ ስጡት። የሱፐርቫይዘር ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰው ጎድሎ ታርጌቱ እንዳለ ሲቀር ነው፤ እና "ሥነ ምግባር" ብላችሁ አሠልጥናችሁ ስትመልሱት ቁጥሩ ካልተነካ በሳምንቱ ይጮኻል። ቀሪ በበዛበት ቀን ታርጌቱ በተገኘው ሰው ልክ እንዲስተካከል ሥልጣን ስጡት፤ ከዚያ በኋላ ለሚሰደበው ስድብ ተጠያቂው ራሱ ነው። ጾታዊ ትንኮሳ የተለየ ነው፣ በአዋጁ የተከለከለ ነው፣ በታርጌት አይሳበብም። አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ሁለቱም ከምርት መስመር አዛዥነት ውጪ። አቤቱታ ስትቀርብ ከላይን ወደ ላይን የሚዛወረው ተከሳሹ ይሁን፤ ከሳሿ ከተዛወረች ሌላ ሴት ዳግመኛ አትናገርም።

ከአጥር ውጪ ያለው በፋብሪካው ብቻ አይፈታም። ብዙ ሠራተኛ የሚከራይበት ዳቶ አካባቢ ማታ ከሰርቪስ መውረጃ እስከ ቤት ያለው መንገድ ከጨለመ ለቀበሌውና ለፖሊስ በጽሑፍ ይቅረብ፤ እስኪመለስ ግን ሰርቪሱ ሁለት መቶ ሜትር ገብቶ ያውርድ። ለወባ አጎበርና ምርመራ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር በወቅቱ መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ክሊኒኩ ሲሞላ አይደለም።

13ኛና 14ኛ ሳምንት፦ መጻፍ

ከአምስት ገጽ አይብለጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ማዕቀፍ የጤናማ ሥራ ቦታን በአራት ያየዋል፦ የሥራው አካላዊ ሁኔታ፣ የሥራ ግንኙነትና ጫና፣ የግል ጤና ድጋፍ፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር ያለ ትስስር። እንደ ማመሳከሪያ ጥሩ ነው። አንዱ ባዶ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ለማመጣጠን ብቻ ግን የሌለ ችግር አትፍጠሩ።

ግቦቹ ከስድስት አይብለጡ። አንዱ እንዲህ ይጻፋል፦ "በስፌት ክፍል በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ክሊኒክ የሚመጡት በስድስት ወር ውስጥ ከመነሻው በሩብ ይቀንሱ። የሚሠራው፦ የመውጫ ካርድ ይቀራል፣ ለእያንዳንዱ ላይን አንድ ተተኪ ይመደባል፣ ሁለት ሽንት ቤቶች ይጠገናሉ፣ ሳሙናና ሞዴስ በክሊኒክ በኩል ይቀርባሉ። ኃላፊ፦ የምርት ኃላፊ፤ ለጥገናው የጥገና ኃላፊ። የሚለካው፦ በነርሷ፣ በየወሩ።" ኃላፊው ሁልጊዜ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይሁን፤ "ኮሚቴው" ተብሎ የተጻፈ ሥራ ባለቤት የለውም።

ለሚገዛ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ የመንከባከቢያውን ወጪም ደምሩ፤ ማራገቢያ ካልተጠረገ በስድስት ወር አቧራ በታኝ ይሆናል። ከበጀቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሳይመደብ ይቆይ፣ በዓመቱ መሐል ለሚመጣ ጥያቄ። ረቂቁ ለአሥር ቀን በተወካዮች በኩል በየክፍሉ ይነበብ፤ ለእያንዳንዱ አስተያየት ተቀብለናል ወይም አልተቀበልንም ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ማኅበር ከሌለ በተወካዮች የተመረጠ አንድ ሠራተኛ፣ ይፈርሙ።

ከዚያ በኋላ

ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ ይሰብሰብ፤ በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ገጽ ውጤት በሁለት ቋንቋ ይውጣ። መጀመሪያው ሩብ ዓመት ላይ የተመዘገበ አደጋ ቢጨምር አትደንግጡ፤ መርፌ ሲወጋት የምትደብቀው አሁን መናገር ጀምራለች ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ቁጥሩን ለመቀነስ ትእዛዝ ይወርዳል፣ ሰውም መደበቅ ይጀምራል። መጨመሩ የምር መሆኑን የምትለዩት በከባዶቹ አደጋዎች ነው፦ ከአንድ ቀን በላይ ከሥራ ያስቀሩት ከጨመሩ እውነተኛ ችግር አለ።

በዓመቱ የሰውነት ካርታውን፣ ያንን ቀይና ሰማያዊ ምልክት የተደረገበትን ሥዕል፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ክፍል ድገሙትና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ቀዩ የቀነሰው በጣም ያማቸው የነበሩት ስለለቀቁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛ ስትለቅ በምትሞላው ፎርም ላይ "ለመልቀቅሽ ሕመም ወይም ድካም ምክንያት ነበር? የትኛው ሥራ ላይ?" የሚል መስመር ገና ከመጀመሪያው ወር ጨምሩ፣ መልሱንም ከካርታው ጋር አብራችሁ አንብቡት።